ሲያሻው የሚለኮስ ቦይለር

በጋዝ ቤትና ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ጭራሽ ሲሞት ግልግል ነው። ቴክኒሻን ይመጣል፣ የተበላሸውን ዕቃ ያገኘዋል፣ ይቀይረዋል፣ አለቀ። መከራ የሚያሳየው ሲያሻው የሚለኮስ፣ ሲያሻው ደግሞ እምቢ የሚለው ነው። ጠዋት ሻወር ውስጥ ያለውን ሰው በበረዶ ውሃ ያንዘፈዝፈዋል፤ ከሰዓት ቴክኒሻኑ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ቦግ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ሲያመው አድሮ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚተወው ሰው ማለት ነው። ቴክኒሻኑ "ደህና ነው እኮ" ይላል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ቀዩ መብራት እንደገና ብልጭ ድርግም ይላል።

የእኛም ቤት ቦይለር ብርዱ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ሲያሰቃየን ነበር። አሁን ተሠርቷል። እዚያ እስኪደረስ ግን ብዙ ነገር ስላየሁ፣ ይኼው ችግር የገጠመው ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ አንድ ነገር። ጋዝ ከሸተታችሁ ይሄን ጽሑፍ ትታችሁ ተነሡ። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ሪሴት የሚባለውን ቁልፍ አትንኩ። መስኮት ክፈቱ፣ የጋዙን ዋና መዝጊያ ዝጉ፣ ከቤት ውጡና ስልክ ከውጭ ደውሉ። ቦይለሩ ሲለኮስ "ቧ!" የሚል ድምፅ ካሰማም እንዲሁ አጥፉት። ያ ድምፅ ጋዙ ሳይቀጣጠል ትንሽ ተጠራቅሞ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲነድ የሚመጣ ነው፤ በሪሴት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ጋዙ ራሱ የሚሸተን ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው፤ ከመጥፎ ቃጠሎ ለሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሚጨምርለት የለም። ስለዚህ ቦይለር ያለበት ቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያስፈልገዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዘው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የኛ ቦይለር ሲያስቸግር መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ክዳኑን ሳይከፍት ነው "ቦርዱ ነው" ያለው። ቦርዱ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ የቦይለሩ ውድ ዕቃ ነው፤ ሁሌም መጀመሪያ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ተቀየረ። ሠራ። ደስ አለን። ጥቂት ቆይቶ ያው አመሉ ተነሣበት። ታዲያ በመሀል ለምን ሠራ? ምክንያቱም ቦርድ የሚቀይር ሰው ሽቦዎቹን ሁሉ ነቅሎ መልሶ ይሰካል። የላላ ሶኬት ይጠብቃል፣ የዛገ ጫፍ ተፈትጎ ይጸዳል፣ አንዳንዴም በአጋጣሚ የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። አንዴ ታይቶ አንዴ በሚጠፋ ብልሽት ላይ "ቀየርኩት፣ ሠራ" የሚለው ማስረጃ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ፣ ማሽኑ ከዚህ በፊት ሳያስቸግር ከቆየበት ረጅሙ ጊዜ በላይ መጠበቅ አለባችሁ። ያኔ ነው ተገኘ የሚባለው። በአንድ ቀን ሦስት ዕቃ የሚቀይር ባለሙያ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደነበረ አያውቅም፤ ከፋዩ ግን የሦስቱንም ይከፍላል።

እንግዲህ ያለው መንገድ አንድ ነው። ማሽኑ የት ላይ እንደሚቆምና በምን ሁኔታ እንደሚቆም ማየት። ለዚህ ደግሞ ቦይለሩ እንዴት እንደሚለኮስ ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ አይደለም፣ ጆሮ ላለው ሰው ሁሉም ነገር ይሰማል።

ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ ወይም የቤቱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚነሣው ፋኑ ነው። ፋኑ በማቃጠያው ክፍል ውስጥ የቆየውን አየር ጠርጎ ያስወጣል። ቦርዱ ፋኑ በትክክል መዞሩን ያረጋግጣል፤ አንዳንዱ በአየር ግፊት ስዊች፣ አዲሱ ደግሞ የፋኑን ፍጥነት በመለካት። ከዚያ ጥቅ ጥቅ ጥቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ እሱ ብልጭታው ነው። በዚያው ቅጽበት የጋዝ ቫልቩ ይከፈታል። ነበልባል ይነሣል። በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ቦርዱ ነበልባሉን ካላየ ቫልቩን ይዘጋል፣ አየሩን እንደገና ይጠርጋል፣ እንደገና ይሞክራል። ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሞክረው ካልሆነላቸው ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ያኔ ነው ሪሴት የምንጫነው። መቆለፉ ብልሽት አይደለም፤ ያልነደደ ጋዝ ቤት ውስጥ እንዳይሞላ የሚከላከልላችሁ እሱ ነው። ሪሴቱን ደጋግሞ መጫን ማለት ያን መከላከያ እየደጋገሙ ማለፍ ነው።

አሁን ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሦስት ዓይነት እምቢታ አለ፣ ሦስቱም የየራሳቸው ተጠርጣሪ አላቸው።

አንደኛው፣ ምንም ድምፅ የለም፣ ወይም ፋኑ ብቻ ይዞርና ብልጭታ አይመጣም። ይሄ ገና የጋዝ ጉዳይ አይደለም። በመጀመሪያ የውሃውን ግፊት እዩ፤ ሲስተሙ ቀዝቃዛ ሳለ መርፌው ብዙ ጊዜ 1 እና 1.5 ባር መሀል መሆን አለበት፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ብዙ ቦይለሮች ጭራሽ አይነሡም። እሱ ደህና ከሆነ ፋኑ፣ የአየር ግፊት ስዊቹ፣ ወይም ወደ ስዊቹ የምትሄደዋ ቀጭን የጎማ ቱቦ ናቸው። ቱቦዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ወይም ጫፏ ከተሰነጠቀች ስዊቹ አንዴ ያያል፣ አንዴ አያይም። ነፋስ በበዛበት ቀን ብቻ የሚያስቸግር ቦይለር ከሆነ ደግሞ የጭስ ማውጫውን አፍ እዩ። የወፍ ጎጆ፣ ቅጠል፣ ወይም ከቦታው የተነቃነቀ ቱቦ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ብልጭታው ይሰማል ነበልባል ግን አይነሣም። እዚህ ላይ ወይ ጋዝ አልመጣም፣ ወይ ብልጭታው መብለጭ ባለበት ቦታ አይደለም የሚበልጨው። ብዙ ሰው የጋዙን ነገር ምድጃ ለኩሶ ያረጋግጣል። ደካማ ነበልባል ካየ፣ አዎ፣ ችግሩ ከአቅርቦቱ ነው። ምድጃው በደንብ ነደደ ማለት ግን ጋዙ ደህና ነው ማለት አይደለም። የምድጃ አንድ ዐይን 2 ወይም 3 ኪሎዋት ቢፈልግ ነው፤ የቤት ቦይለር ግን 24 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ለምድጃ የሚበቃ ጋዝ ለቦይለር ላይበቃ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ግፊቱ ነው፣ እሱም ቦይለሩ በሙሉ ኃይሉ እየነደደ፣ ሌሎቹ የጋዝ ዕቃዎችም በርተው ሲለካ። በአውሮፓ ደረጃ ለተፈጥሮ ጋዝ የሚጠበቀው 20 ሚሊባር፣ ለፕሮፔን 37 ሚሊባር ገደማ ነው። ጋዙ ሳይፈስ ሲለካ ደህና የሆነ ግፊት ጋዙ መፍሰስ ሲጀምር ዘጭ ካለ ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ወይም የቱቦውን ስፋት መጠርጠር ነው።

በሲሊንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ብርድን አትርሱ። ቡቴን ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ከፈሳሽ ወደ ጋዝ መለወጡን ያቆማል ማለት ይቻላል። ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ቡቴን የበዛበት ሲሊንደር ውጭ አድሮ ጠዋት እምቢ ካለና ፀሐይ ሲመታው ከሠራ፣ ቦይለሩን አትክሰሱ። ሲሊንደሩ ራሱም ጋዝ በብዛት ሲወጣበት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሻወሩ ጀምሮ መሀል ላይ ሊያቋርጥም ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለእኔ በጣም የሚገርመኝ፣ ነበልባሉ ይነሣል፣ ይታያልም፣ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ግን ድርግም ይላል። እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ድርግም። ጋዝም አለ፣ ብልጭታም አለ። የጠፋው የቦርዱ "ዐይን" ነው። ቦርዱ እሳት እየነደደ እሳት የለም ብሎ ያምናል።

እንዴት ነው ግን እሳትን የሚያየው? በካሜራ ወይም በሙቀት መለኪያ አይደለም። በኤሌክትሪክ ነው። ነበልባል ውስጥ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ስላሉ እሳት ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቦርዱ ነበልባሉ ውስጥ ለተተከለች የብረት ዘንግ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይልካል። ዘንጓ ትንሽ፣ ፊት ለፊቷ ያለው ማንደጃ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይሄዳል፣ ወደ ሌላው ይቸገራል። ስለዚህ የተላከው ተለዋዋጭ ሆኖ ሲመለስ ወደ አንድ ወገን ያደላ ሆኖ ይመለሳል። ቦርዱ የሚፈልገው ያን ማድላት ነው። ይሄ ብልህ ዘዴ ነው፤ ሽቦ ተነካክቶ ወይም ውሃ ገብቶ ኤሌክትሪክ ቢያልፍ እንኳ አያደላምና ቦርዱ በእሳት አይሳሳተውም። ችግሩ መጠኑ ነው። የሚለካው በማይክሮ አምፒር ነው፣ የአምፒር ሚሊዮንኛ። ጤነኛ ቦይለር ላይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮ አምፒር ይገኛል፤ ወደ 1 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ብዙው ቦርድ መጠራጠር ይጀምራል። በዚህች ድንበር ላይ የሚዋልል ቦይለር ነው አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚለው።

ይህችን ትንሽ ኤሌክትሪክ ምን ያዳክማታል? አንደኛ ቆሻሻ። ዘንጓ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ ሽፋን ይወጣል፣ ሽፋኑም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቤት ሲታደስ የሚነሣ አቧራና ሲሊኮን ካለባቸው ነገሮች የሚወጣ ትነት ያባብሱታል። ሁለተኛ የመሬት ሽቦው። ኤሌክትሪኩ በማንደጃው በኩል አድርጎ የሚመለሰው በመሬት መስመሩ ስለሆነ፣ አንዲት የዛገች ብሎን ብቻ ቦይለሩን ዕውር ልታደርገው ትችላለች። ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ የሚታይ ነው፤ በጄኔሬተር ወይም ከባትሪ መብራት በሚሰጠው ኢንቨርተር ሲሆን ብቻ እየተለኮሰ የሚጠፋ ቦይለር አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የኢንቨርተሩ ኒውትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ከመሬት ጋር አለመያያዙ ነው። መፍትሔውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው እንጂ ቦይለሩ ምንም አልሆነም። አንዳንድ ቦይለሮች ደግሞ ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ከተገላበጠባቸው እሳት ማየት ያቆማሉ፤ ስፒናው በሁለቱም በኩል የሚሰካ ዓይነት ከሆነ አገላብጦ መሰካት ብቻ ከጣጣ ያወጣል። ይሄን ሳይሞክሩ ቦርድ የቀየሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እሺ፣ የት ላይ እንደሚቆም ይሄው ነው። "መቼ" የሚለው ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው። እኔ ከቦይለሩ አጠገብ ደብተር አንጠልጥዬ የቤቱን ሰው ሁሉ እንዲጽፍ አደረግሁ። ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሰማውን ድምፅ፣ የስህተት ኮዱን፣ ከመቆሙ በፊት ምን እየሠራ እንደነበረ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ግን ለቴክኒሻኑ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ የጠቀመው ያ ደብተር ነው።

ምክንያቱም ቀዝቅዞ የሚያስቸግርና ሞቆ የሚያስቸግር ቦይለር ሁለት የተለያዩ በሽተኞች ናቸው። ለረጅም ሰዓት ሠርቶ ከሞቀ በኋላ እምቢ ካለ፣ ሲሞቅ የሚለያይ ነገር ፈልጉ። የጋዝ ቫልቩ መጠምጠሚያ ሽቦ ሲሞቅ ሊቋረጥ፣ ሲበርድ ደግሞ ሊገጥም ይችላል። ቦርዱ ላይ የተሰነጠቀች የብየዳ ነጥብም እንዲሁ። እዚህ ላይ ነው ቦርዱ በእውነት የሚጠረጠረው። የፋኑ ኩሽኔታም ሲሞቅ ይይዛል። ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ እምቢ ካለ ግን፣ እርጥበት ነው፣ በረዶ ነው፣ ወይም ሲሊንደሩ ነው።

በረዶ ስል አዲሶቹን ቦይለሮች ነው። እነዚህ ጭሱ ውስጥ ያለውን ሙቀት ስለሚመጥጡ ጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ውሃውም በሲፎን፣ ውሃ ሁሌ በሚቋጥር ጠማማ መውረጃ፣ አልፎ በፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ውጭ ከሆነና በጣም ከበረደ ውስጡ ይረጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይሞላል፣ ቦይለሩም ጉልጉል ጉልጉል እያለ ይቆማል። ለብ ያለ ውሃ በቱቦው ላይ ማፍሰስ ይበቃል፤ የፈላ ውሃ ግን አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ዘላቂው መፍትሔ ቱቦውን ወፈር ማድረግና መሸፈን ነው።

የእኛ ደብተር ምን አለ? ከሞላ ጎደል ሁሉም መቆለፍ ጠዋት ነው። ከሰዓት የሚባል የለም። ብልጭታው ይሰማል፣ ነበልባል የለም። ሪሴት ተደርጎ አንዴ ከተለኮሰ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ዝናብና ጭጋግ ባለበት ጠዋት ይብሳል። ከቦይለሩ አልፎ አልፎ ጉልጉል የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይሄን የጻፈችው ልጄ ናት፣ እኔ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቴክኒሻን ደብተሩን ቆሞ አነበበና ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ሲፎኑን ፈታው። ግማሹ በጭቃ መሰል ዝቃጭ ተሞልቷል። ውሃው ይወጣል፣ ግን እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው። ሌሊት ቦይለሩ ሲቆም ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያድራል ማለት ነው። ከዚያ ብልጭታውን የምታወጣዋን ዘንግ፣ ኤሌክትሮዷን፣ አወጣ። ጫፏ ደህና ነው፣ ክፍተቷም በማኑዋሉ ላይ ካለው ልክ ጋር ይገጥማል። ነጩ ሸክላዋ ላይ ግን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በባትሪ እያዞረ ካላሳየኝ አላያትም ነበር። ሸክላው የተሠራው ብልጭታው በጫፉ ብቻ እንዲወጣ ነው። ስንጥቁ እርጥበት ሲጠጣ ግን ኤሌክትሪኩ አቋራጭ ያገኛል፣ በስንጥቁ በኩል ወደ ቦይለሩ ብረት ይዘላል። ጥቅ ጥቅ የሚለው ድምፅ ያው ነው። ብልጭታው ግን ጋዙ በሌለበት ቦታ ነው የሚወጣው። ቦይለሩ አንዴ ሲሞቅ ሸክላው ይደርቅና ብልጭታው ወደ ጫፉ ይመለሳል። ከሰዓት የመጣ ቴክኒሻን ሁሉ ምንም ያላገኘው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሮዷ ብቻ ብትቀየር ምናልባት ለጊዜው ይሠራ ነበር። ሲፎኑ ባይጸዳ ግን ውሃው ቀስ ብሎ መሙላቱን፣ አዲሷንም ማራሱን አይተውም። ስለዚህ ሁለቱም ተሠሩ። ርካሽ ዕቃ ናቸው፣ ከተቀየረው ቦርድ ጋር ሲተያዩ የምታናድድ ንጽጽር ናት።

እናንተ ራሳችሁ የምትነኩትና የማትነኩት ነገር ላይ ግልጽ ልሁን። መስማት፣ መጻፍ፣ የውሃ ግፊት ማየት፣ የጭስ ማውጫውን አፍ ከውጭ ማየት፣ የረጋ ቱቦ ማቅለጥ፣ ስፒና ማገላበጥ፣ ይሄ የናንተ ነው። የማቃጠያውን ክፍል ክዳን መክፈት አይደለም። በብዙ ቦይለር ላይ ያ ክዳን ጭሱን ከቤቱ የሚለየው እሱ ነው። በደንብ ካልተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሳሎን ይገባል። ኢንተርኔት ላይ "ኤሌክትሮዷን ነቅለህ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋት" የሚል ምክር ሞልቷል። መካሪው ግን ኤሌክትሮዷ ስትነቀል ጋስኬቱ፣ ማለትም ማሸጊያው፣ መቀየር እንዳለበት ሲናገር አልሰማሁም። ብርጭቆ ወረቀትም ይጭራታል፤ የሚያውቁት በቀጭን የብረት ሱፍ ነው የሚያጸዷት።

ቴክኒሻን ስትጠሩም "ቦይለሩ አይሠራም" ብቻ አትበሉ። ፋኑ ይነሣል፣ ብልጭታ ይሰማል፣ ነበልባል የለም፣ ጠዋት ጠዋት ነው፣ ኮዱ ይሄ ነው በሉት። ከተቻለም ቦይለሩ በሚያስቸግርበት ሰዓት እንዲመጣ ለምኑት፣ ከማታው ጀምሮም አጥፍታችሁ ጠብቁት። ሠርቶ ሲጨርስ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ የነበልባሉ ማይክሮ አምፒር ስንት ሆነ፣ የጭሱ ትንተናስ ምን አሳየ። የጭስ መለኪያ ሳያስገባ ክዳኑን ዘግቶ ሊሄድ ካለ ሥራው አላለቀም፣ በትሕትና አስቁሙት። የኛው ሁለቱንም በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ ለጥፎልኛል። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ከምን እንደተነሣ ያውቃል።